አዲስ ምላጭ

መነጽሬ ተሰብሮ ላሠራ ወደ ኦሎምፒያ የወረድኩበት ቀን ነው፤ ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ውስጥ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይሆናል። ያለ መነጽር ሰው ከሩቅ አልለይም። ወይዘሮ ለተብርሃንን ግን በአቋቋማቸው አውቃቸዋለሁ፤ ካዛንቺስ በአንድ ግቢ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በጉርብትና ኖረናል። የልጅ ልጃቸውን ኤልዳድን አዝለው፣ የፀሐይ ጥላቸውን ይዘው የቄራ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመዋል።

ነገሩ አላማረኝም። የኤልዳድ እናት ዳናይት ከታክሲ ማቆሚያው ማዶ ባለ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። የወሊድ ፈቃዷ ካለቀ ጀምሮ ወይዘሮ ለተብርሃን ልጁን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ያመጡላታል፤ እሷም ጥበቃው ቤት ገብታ ታጠባዋለች። ዛሬ ሰዓቱ ገና ነው፤ የመሥሪያ ቤቱንም በር አልፈውታል።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ለተብርሃን? በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ መምህር ተከስተ። ቄራ ደርሼ ልመለስ ብዬ ነው።»

«ሕፃን ታዝሎ ቄራ ምን ይሠራል?»

ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። በዚህ መሐል ልጁ ሳለ፤ ሳሉ የታፈነ ነበር። ግንባሩን ብነካው ይፋጃል።

«ይህ ልጅ ታሟል እኮ!»

«እንጥሉ ወርዶበት ነው። ይኸው ሦስት ቀኑ፤ ጡት አልይዝ አለ፣ የዋጠውንም ያስመልሰዋል። ቄራ አንዲት እጃቸው የቀና ሴትዮ አሉ። አንድ ጊዜ ቆረጥ ካደረጉለት ይድናል። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው፣ መምህር።»

«እናቱ ታውቃለች?»

«እሷማ መጽሐፏን ታንብብ!» አሉ ቆጣ ብለው። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይሥጉ፤ እኔ እንደ ድሮ ሰው አይደለሁም።» ከጉያቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው አሳዩኝ። ምላጭ ነው፤ ገና ከማሸጊያው ያልወጣ። «አዲስ ነው። በሬዲዮ ‹ስለት በጋራ አትጠቀሙ› ሲሉ እሰማለሁ እኮ! የራሴን ይዤ ነው የምሄደው።»

ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደምናደድ ግን ቸገረኝ። ስንት ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤቱ፣ በቀበሌው፣ በሬዲዮው «ምላጭ አትዋዋሱ» እያልን ጮኸናል። ሰውም ሰማን። የሰማው ግን ጥፋቱ ያለው በምላጩ ማርጀት ነው ብሎ ነው! የሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ምላጭ ምን ይሠራል ብለን አልጠየቅንማ። እኔ ራሴ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ፣ በግቢያችን ስንት ልጅ እንጥሉ ሲቆረጥ «የሰው ቤት ጉዳይ ነው» ብዬ በሬን ዘግቻለሁ። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ኖሬያለሁ። ይነቅዛል! እንዲያውም ይሸታል።

መንገዱን ተሻግሬ ለጥበቃው፣ «ዳናይትን ጥራልኝ፤ ልጇ እዚህ ነው፣ ቶሎ ትምጣ በላት» አልኩት።

እስክትመጣ ስለዚች ልጅ ልንገራችሁ። ዳናይት ልጇን «በተፈጥሮ ነው የማሳድገው» ብላ የተነሳችው ገና ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚያወራ መጽሐፍ አንብባ ነው። በወለደች ማግስት አማቷ የመጀመሪያው ወተት ቆሻሻ ነውና ታልቦ ይደፋ፣ ልጁም ቅቤ ይዋጥ አሏት። «አደይ» አለቻቸው በትግርኛ እናቴ ስትላቸው፣ «እርስዎ ከብት አርብተው ነው ያደጉት። እንገር ያልጠባ ጥጃ ያድጋል?» ልጁም እንገሩን ጠባ። ቅቤውን ባለማስዋጧ ግን ሁለት ሳምንት አኮረፏት። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ በበኩላቸው «አንቺ የባላገር ሴት» እያሉ ይስቁባታል፤ በማዘሏ፣ አቅፋ በመተኛቷ፣ ጡጦ ባለመግዛቷ። እኔም አንሼ አልተገኘሁም። ለጥየቃ ስሄድ ተምሬያለሁና ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዤ ገባሁ። አመስግና መለሰችልኝ። ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር።

ዳናይት የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋ አንገቷ ላይ እየተወዛወዘ፣ አስፋልቱን በሩጫ አቋርጣ መጣች። ምላጩን ስታይ ምንም ሳይነግሯት ገባት።

«አደይ! ልጄን ሊያሳርዱብኝ ነው?»

«ጓለይ፣ ልጄ፣ አፍሽን ያዢ! ሰው ይሰማል» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን።

«ይስማ! በቃ፣ ይስማ! ከሰዓት ፈቃድ ወስጄ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ አላልኩም?»

«ከሰዓት! ልጁ ሦስት ቀን ሳይጠባ እኔ ከሰዓት እስኪሆን ቁጭ ብዬ ልየው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አንቺ ወረቀት የያዝሽ ሞኝ ሆነሽ መጣሽብኝ! ለመሆኑ ማዘሉን ማን አስተማረሽ? ጎንሽ አስተኝተሽ ማጥባቱን፣ ገላውን ማሸቱን፣ ከማን ተማርሽው? ከእኔ አይደለም? ‹ተፈጥሮ› ትዪዋለሽ፤ እኛ ስም ሳናወጣለት ኖረንበታል። ጉልበቴን ወስደሽ መድኃኒቴን ትንቂያለሽ?»

የታክሲው ረዳት «ቄራ የሞላ!» ይላል። ከሰልፈኛው አንድም ሰው አልገባም። ሁሉም ይሰማል።

«ከእርስዎ ነው የተማርኩት» አለች ዳናይት በቁጣ። «ለማንም እናገራለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ሴቶች ሲስቁብኝ ‹አማቴ ናቸው ያስተማሩኝ› እላለሁ። ጋሼ ተከስተም እዚህ አሉ፤ ቆርቆሮ ይዘው የመጡ ለት በልቤ የሳቅኩት በእርስዎ ተመክቼ ነው። ግን አደይ፣ ጡቱን የሰጠ እግዚአብሔር ነው ይሉኝ የለ? እንጥሉንስ ማን ሰጠው? ማለቴ፣ እሱ ያስቀመጠውን ሴትዮዋ በምላጭ የሚያርሙት ምን አግኝተውበት ነው?»

«የታመመ ነገር ይቆረጣል!»

«ጣትዎ ሲያብጥ ይቆርጡታል?»

«መብርሃቶም ተቆርጧል» አሉ ወይዘሮዋ። መብርሃቶም ልጃቸው፣ የዳናይት ባል ነው። «ተቆረጠ፤ ይኸው የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ጅቡቲ ይመላለሳል። ሞተ?»

«አልሞተም» አለች ዳናይት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ዮሃናስ የት አለች?»

ስሙን እኔም አላውቀውም ነበር። የወይዘሮ ለተብርሃን እጅ ጥላቸው ላይ ተጨበጠ።

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አደይ። ኤልዳድን ሲያጥቡት አንዳንዴ ‹ዮሃና› ብለው ይጠሩታል። መብርሃቶምን ጠየቅኩት፤ ታላቄ ነበረች፣ ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት በሕፃንነቷ ሞተች አለኝ። በምን ሞተች?»

«ቡዳ በላት።»

«ስንት ቀን ታማ?»

«አልታመመችም። ትንሽ ሳል ነበራት እንጂ ጤነኛ ነበረች። እንጥሏን ባስቆረጥናት በሦስተኛው...»

አልጨረሱትም። ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ «ምላጩ አሮጌ ነበር» አሉ። «የጎረቤት ምላጭ ነበር። ዝጎ ነበር። ለዚህ ነው እኮ አሁን አዲስ የገዛሁት።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እኒህ ሴት ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ግማሹን ያውቁት ነበር! ልጃቸውን የበላው ቡዳ እንዳልሆነ ልባቸው ነግሯቸዋል፤ ቀሪውን የሚነግራቸው ሰው ነው የጠፋው። እኔም ከእነዚያ ከጠፉት አንዱ ነኝ፤ በአንድ ግድግዳ እየተለያየን።

«ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ይስሙኝ» አልኩ። «ምላጩ አዲስ ነው፤ ጉሮሮው ግን ያው ሥጋ ነው። እጅ ቢቆረጥ በጨርቅ ያስሩታል። ጉሮሮን በምን ያስሩታል? ሕፃኑ ደሙን ይውጠዋል፤ ምን ያህል እንደፈሰሰ እንኳ አያዩም። ቁስሉም በምራቅ ርሶ ይመረቅዛል። ልጁ ጉሮሮውን ነው የታመመው። እንጥሉም አብሮ አብጦ ነው ወረደ የሚሉት። በሽታው ሲለቀው ወደ ቦታው ይመለሳል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበሩ፣ መምህር?» አሉኝ።

«በሬን ዘግቼ» አልኩ።

ማዘያውን ፈትተው ልጁን ለእናቱ ሰጧት፤ ምላጩን ለእኔ። ዳናይት አለቃዋን ሳታስፈቅድ ከዚያው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ እኛም ተከተልናት። ነርሷ የልጁን አፍ ከፍታ በባትሪ አየች። ወይዘሮ ለተብርሃን «እኔም ልይ» አሉ። ነርሷ ጉሮሮው ግራና ቀኝ መቅላቱን፣ እንጥሉም ማበጡን አሳየቻቸው፤ የሚዋጥ ሽሮፕ ሰጠችው፤ በመጨረሻም ጡት እንዳይቋረጥበት፣ ቢያቅተው እየታለበ በማንኪያ እንዲሰጠው አዘዘች። ወይዘሮዋ በዚህ ጊዜ ዳናይትን ሰረቅ አድርገው አዩዋት። «ይህንንስ እኛም እናውቀዋለን» አሉ፤ ትንሽ ኩራታቸው ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን ኤልዳድ ትኩሳቱ ለቀቀው፤ በሦስተኛው የእናቱን ጡት እንደ ድሮው ያዘ።

አንባቢዬ፣ ለውጥ ሲባል አያትን ከነማዘያዋ መጣል የሚመስለው ብዙ ነው። እኔም ከእነሱ ነበርኩ። ዳናይት ግን ማዘሉን፣ ጎን አስተኝቶ ማጥባቱን ከአያት ወሰደች፤ ልጁ ጠነከረ፣ ጡጦ ሳያውቅ ስድስት ወሩን ያለ ተቅማጥ ተሻገረ። በሽታ ሲመጣ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ልጁ ተረፈ። ሁለቱ አይጣሉም። የሚያጣላቸው የእኛ ግማሽ ትምህርትና ሙሉ ዝምታ ነው። አሁንም በየሰፈሩ አዲስ ምላጭ እየተገዛ ነው፤ ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ እናንተንም ባይወስዳችሁ ደስ ይለኛል። ያን ምላጭ እኔ ጢሜን ላጨሁበት። ለተሠራበት ሥራ ዋለ።

ወይዘሮ ለተብርሃን አሁን በግቢያችን «እንጥል ወረደ» የሚል ሰው ከተገኘ ጥላቸውን ይዘው ይነሳሉ። የጎረቤታችንን የቡዜን የልጅ ልጅ እንደዚያው ከታክሲ ሰልፍ አስወጥተው ጤና ጣቢያ ወስደዋታል። ምክንያቱን ሲጠይቋቸው የሚናገሩት አንድ ስም ነው፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት በሰው ፊት ያልጠሩትን ስም፣ ጮክ ብለው።

ታኅሣሥ ላይ ኤልዳድ አንድ ዓመት ሞላው። አባቱ ከመንገድ ገብቶ ወደ ላይ ሲወረውረውና ሲቀልበው ልጁ እንጥሉ እስኪታይ ሳቀ። ወይዘሮ ለተብርሃን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው አንገታቸውን አስግገው ወደ አፉ ውስጥ አዩ።

«ያቻትና!» አሉ እያለቀሱ። «ቦታዋ ላይ ናት።»