ሽንኩርት ብቻ የምትጭነው ፒክአፕ

ቆቦ ሱቃችን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። አባቴ የሽንኩርት ንግድ ድርጅት አለው፤ ወንድሜ ካሳ እዚያው ተቀጥሮ የድርጅቱን ፒክአፕ ይነዳል። አንድ ቀን የገቢዎች ሠራተኛ መጣና፣ "ጋሼ፣ ልጅዎ መኪናዋን ለግሉም ከተጠቀመባት፣ ጥቅሙ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ግብር ይከፈልበታል" አለ። አባቴ ደረቱን መታ። "ኧረ ወንድሜ! ይቺ መኪና ከሽንኩርት በቀር ምንም ጭና አታውቅም!"

አፉን ሳይዘጋ ፒክአፗ በሪባን አጊጣ፣ ጡሩምባዋን እየነፋች ደጃችን ቆመች። ከኋላዋ የተጫኑት ሚዜዎች ከበሮ እየመቱ ይዘፍናሉ። ካሳ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "አባዬ፣ ቶሎ በል እንጂ! የጓደኛዬ ሙሽራ ዋጃ ከተማ ላይ እየጠበቀችን ነው!" አለ። አባቴ ላብ በላብ ሆነ። ሠራተኛው ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሽንኩርት ነው?" አለኝ። እኔ እንግዳ ፊት ድምፄ አይወጣም፤ ያን ቀን ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ "የሚዘፍን" አልኩ።

ሰውዬው እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ቢስቅም አልማረን፣ "ለግልም ትውላለች" ብሎ ጻፈ። አባቴ ኮፍያውን አነሳ። "ግብሩ ካልቀረልን እኛስ ለምን እንቀራለን? ነይ፣ ተሳፈሪ!" አለኝ። እስከ ዋጃ ድረስ ከሽንኩርቶቹ ሁሉ ጮክ ብዬ የዘፈንኩት እኔ ነበርኩ።