ሠሪው ሲሄድ የማይቆም ሥራ

የወይዘሮ ኮከቤ መዝገብ የተዘጋው ጠበቃቸው ባልታመሙበት፣ መንገድም ባልተዘጋበት ቀን ነው። ቀጠሮው ከተባለው ቀን እንዲቀድም ተለወጠ፤ የጠበቃው ቢሮ ዌብሳይት ግን አሮጌውን ቀን እያሳየ ቀረ። ከሳሽም ጠበቃም ችሎት አልቀረቡም። ነገሩ ይኸው ነው።

ጠበቃው አቶ በሱፍቃድ አቤት ብለው መዝገቡን አስከፍተዋል፤ አዲስ ቀጠሮም ተሰጥቷቸዋል። ሁለተኛ ከቀሩ ግን ወይዘሮ ኮከቤ የጌጃ ሰፈር ቤታቸውን ደህና ሰንብት ይበሉት።

አቶ በሱፍቃድ ከፍርድ ቤት ሲመለሱ፣ በቢሯቸው ሕንፃ ደረጃ ላይ ላፕቶፕ ያዘለች ወጣት ቀደመቻቸው። አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ቆሟል።

«የጠበቃ በሱፍቃድ ቢሮ ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለች ዘወር ብላ።

«ምን ልታደርጊ?»

«መጀመሪያ ፎቁን ይንገሩኝ።»

«መጀመሪያ ጉዳይሽን ንገሪኝ። በሱፍቃድ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው መንገድ አሳጠሩልኝ። ሴና እባላለሁ፤ የወይዘሮ ኮከቤ የወንድም ልጅ ነኝ። እኔ መዝገቧን ወስጄ ለሌላ ጠበቃ ልሰጥ እፈልጋለሁ፤ እሷ ደግሞ በሱፍቃድን አልለቅም ትላለች። ስለዚህ ቀጠሮው እንዴት እንዳመለጠ በዓይኔ አይቼ ልወስን መጣሁ።»

አቶ በሱፍቃድ ሌላ ጠበቃ የላካት ሰላይ ናት ብለው ጠረጠሩ። ሲጠረጥሩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ አወለቁ። ግን ደንበኛን ደረጃ ላይ ማባረር ነውር ነውና ወደ ቢሮ አስገቧት።

ነገሩን የተናገረችው ጸሐፊያቸው ሀያት ናት። አዲሱን ቀን እንደሰማች ልታስገባ ብትሞክር ሲስተሙ እምቢ አለ። ዌብሳይቱን የሠራው ኢፋ ሌላ ድርጅት ተቀጥሮ ስለሄደ ደወለችለት፤ «ማታ አየዋለሁ» አላት። ያየው መሰላት።

«ለአቶ በሱፍቃድ ለምን አልነገርሽም?» አለች ሴና።

ሀያት አለቃዋን አየት አደረገች።

«እኔ ነኝ የከለከልኳት» አሉ አቶ በሱፍቃድ። «ቀጠሮ በአፍ አይነገረኝ፣ ሲስተሙ ላይ ይግባ ብዬ ደንብ አውጥቻለሁ። ታዲያ ዘመናዊ ሁኑ ያላችሁን እናንተው አይደላችሁም?»

ሴና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ጥቂት አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ይህን ማን መረጠው?»

«ኢፋ። በዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት ነው ብሎኛል። ሲያስረዳኝ አንድ ቃል አልገባኝም፤ አዋቂ መሆኑን ያወቅሁትም በዚያ ነው።»

ያልገባንን ማክበር የቆየ ልማዳችን ነው። ሐኪም በማይነበብ እጅ ሲጽፍልን መድኃኒቱ የሚበረታ ይመስለናል። አቶ በሱፍቃድም ችሎት ላይ ማንንም ሳይጠይቁ የማያምኑ ሰው፣ ኢፋን ምንም ሳይጠይቁ አምነውት ነበር።

«ዌብሳይት የሚሠራ ሰው ከባዶ መሬት አይጀምርም» አለች ሴና። «ቀድሞ የተዘጋጀ ማዕቀፍ ይመርጣል፤ ፍሬምወርክ ይሉታል። እንደ ኮንዶሚኒየም ያስቡት። ምሰሶውና ጣሪያው ቆሞ ይረከቡታል፤ የቀረውን እርስዎ ይጨርሳሉ። ኢፋ የሰጠዎት ግን ለአንድ አባወራ ሙሉ ሕንፃ ነው።»

«ትልቅ ቤት ምን ክፋት አለው?»

«ማን ይጠርገዋል?»

ሀያት ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች።

«የእናንተ ጉዳይ የደንበኛ ስም፣ የመዝገብ ቁጥርና ቀን ነው» ቀጠለች ሴና። «ለዚህ ጥቂት ፋይል ብቻ የሚፈልግ ቀላል ፍሬምወርክ ይበቃል። ሀያት ተምራ ልታስተካክለው የምትችል። በአክስቴ አሮጌ ስልክም የሚከፈት፤ ያሁኑ እሷ ጋ አልከፈት ብሎ ሲሽከረከር ውሎ ሲሽከረከር ያድራል።»

«አሃ! ሥራ ፈልገሽ ነው የመጣሽው።»

«ሥራ አለኝ።»

«ታዲያ ምን ታተርፊያለሽ? ሙያውን ለሰው ያስተማረ ባለሙያ ምን ይበላል?»

«የአክስቴን ቤት አተርፋለሁ።»

አቶ በሱፍቃድ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። መስቀለኛ ጥያቄ ሲጀምሩ እንዲህ ነው የሚቀመጡት።

«ቀላል ነገር በቀላሉ ይሰበራል። ትክክል ነው አይደለም?»

«ሲሰበርም በቀላሉ ይጠገናል። የእርስዎ ከባዱ ተሰብሮ አይደል እንዴ ያለው?»

«ሀያት በአንድ ቀን የምትማረውን ሌባም በአንድ ቀን ይማረዋል።»

«በር አከፋፈት ሕፃንም ያውቃል። ቤትዎን የሚጠብቀው ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ መሆኑ ነው። የዚህን ሲስተም የይለፍ ቃል ማን ያውቀዋል?»

«ኢፋ።»

«ብቻውን?»

«... ብቻውን።»

«እንግዲያው የቢሮዎ ቁልፍ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።»

ጠያቂው ተጠያቂ ሲሆን ደስ አይልም። አቶ በሱፍቃድ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ። «ነገ ደንበኛዬ ቢበዛስ? ይህ ቀላል ያልሽው ይችለዋል?»

«የእርስዎን ደንበኞች ያለ ችግር ይችላል። ባንክ ቢሆኑ ይህን አልመክርዎትም ነበር። ባንክ ነዎት?»

«አንደበትሽ ስለት ነው፣ ልጄ» አሉ፤ ግን አላመኗትም። ለሁሉ መልስ ያለው ምስክር የተጠና ምስክር ነው። «ነገ አምጪውና እናየዋለን።»

በማግሥቱ ሴና ከሀያት ጋር ተቀምጣ የቀጠሮውን ገጽ ሠራች። ፍጥረቷ ትዕግሥት የለውም፤ ሀያት ስትዘገይ ጠረጴዛውን በጣቷ ትደበድባለች፤ እጇን ግን ኪቦርዱ ላይ አላሳረፈችም። የይለፍ ቃሉንም ሀያትና አለቃዋ እንዲመርጡ አደረገች። ከሰዓት በኋላ አቶ በሱፍቃድ መጥተው ከጀርባቸው ቆሙ።

«ምስክር ሌላውን ምስክር እየሰማ አይመሰክርም» አሉ። «ሴና፣ ውጭ ቆዪ።»

ሴና ትከሻዋን ነቅንቃ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

«አሁን፣ ሀያት፣ እሷ ያላስጠናችሽን እጠይቅሻለሁ። ቀጠሮ ሲለወጥ አሮጌው ቀን ተሰርዞ ከአዲሱ ጎን ይታይ። ደንበኛው መለወጡን በዓይኑ እንዲያየው።»

ሀያት ሴና ያሳየቻትን ማብራሪያ ከፍታ አነበበች፣ ጻፈች፣ ገጹን ከፈተች። ገጹ ጠፍቶ የስህተት መልእክት ብቻ ወጣ።

«ይኸው!» አሉ አቶ በሱፍቃድ፤ ደስ ያላቸውም ይመስላሉ። «አላልኩሽም?»

«ቆይ፣ ጋሼ። መስመሩን ይነግረኛል።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ ቅንፍ ሳልዘጋ ነው።» ዘጋችው። ገጹ ተመለሰ፤ አሮጌው ቀን በቀይ ተሰርዞ፣ አዲሱ ከጎኑ።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሱ። የኢፋው ሲበላሽ ገጽ ሙሉ ይተፋብኝ ነበር፤ የቱ ጋ እንደማነብ እንኳ አላውቅም። ይሄኛው ያጠፋሁትን ብቻ ነው የሚለኝ።»

አቶ በሱፍቃድ ጎንበስ ብለው ሌላ ቀን አስለወጧት። ተለወጠ። መልሰው አስለወጧት። ከዚያ የወይዘሮ ኮከቤን አዲስ ቀጠሮ አስገብተው ስልኩን አነሱ።

«ወይዘሮ ኮከቤ፣ ገጹ ተከፈተልዎት?... ቀኑን እስቲ ያንብቡልኝ... እሱ ነው። ቀዩስ?... አዎ፣ እሱ ያመለጠን ነው።» ስልኩን አስቀምጠው በሩን ከፈቱ። «ግቢ፣ ልጄ። ብይን ልሰጥ ነው።»

ሴና ገብታ ቆመች።

«ሥራን የሚያከብደው የሥራው ስፋት ይሁን እንጂ የሠሪው ኩራት አይሁን። እኔ የገዛሁት የኢፋን ኩራት ነበር፤ ዋጋውን ሊከፍሉ የነበሩት ግን ወይዘሮ ኮከቤ ናቸው። ቢሮው የሚያውቀው መሣሪያ ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል፤ ደንበኛም በያዘው ስልክ ያየዋል፤ ሠራተኛ ቢለቅ የሚተካው ይማረዋል። ሀያት፣ ያ ደንቤ ተሽሯል። ቀጠሮ ሲለወጥ ገጹም ላይ አስገቢ፣ በአፍሽም ንገሪኝ፤ ተኝቼም ቢሆን ቀስቅሺኝ።»

«መዝገቡ እዚሁ ይቆይ» አለች ሴና፤ ላፕቶፗን ወደ ቦርሳዋ ከተተች።

«እሺ። ግን ነገ ቢበላሽስ? ስልክሽን ተዪልኝ።» ጥርጣሬያቸው ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም። «አንቺም እንደ ኢፋ ትሄጃለሽ፤ ይታየኛል።»

«እሄዳለሁ እንጂ! ቀላሉን የመረጥኩት ለምን መሰለዎት?»

«ስልክሽን አልኩ።»

«የሀያት አለዎት» አለች ሴና። ወጥታ በሩን ዘጋችው።