በጓሳ ገደል አፋፍ ስለወደቁት ጃፓናዊ መምህር

የምስክር ስም፦ የምሥራች ገብረየሱስ
ዕድሜ፦ 27
የትውልድ ቦታ፦ ሞላሌ
የአሁን አድራሻ፦ አዲስ አበባ
ሥራ፦ በዩኒቨርሲቲ የጃፓን ጥናት ክፍል ረዳት መምህርት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 15 ቀን 2004 ዓ.ም.

በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ፣ ስለ ሟች ፕሮፌሰር ሚናጋዋ አወዳደቅ ያየሁትንና የሰማሁትን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

የክፍላችን ዓመታዊ የጥናት ሳምንት ዘንድሮ የተዘጋጀው በጋራ መሬት አጠባበቅ ላይ ነው። ሟች ከጃፓን የተጋበዙ እንግዳ ሲሆኑ፣ በአገራቸው ተራራማ መንደሮች ሰዎች የቤት ክዳን ሣር በጋራ ጠብቀው እንዴት ይካፈሉ እንደነበር ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ ንግግር ካደረጉ በኋላ ሕዝቡ በጋራ የሚጠብቀውን የጓሳን የሣር መሬት በዓይናቸው ለማየት ስለፈለጉ፣ ጥቂት ተማሪዎች ይዘን ትናንት ኅዳር 14 ቀን ጠዋት ከመሐል ሜዳ በመኪና ወጣን። እኔ የአገሩ ተወላጅ በመሆኔ አስተርጓሚያቸው ነበርኩ።

ጓሳ ላይ የተቀበሉን አቶ ኪዳነ ወልድ የተባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ እንደሚቆይና ሲፈቀድ ሁሉም በአንድ ቀን ማጭድ ይዞ እንደሚወጣ አስረዱን። ይህን ስተረጉምላቸው ሟች መጻፋቸውን ትተው የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «በአያቴ መንደርም ሕጉ ይኸው ነበር፤ ዛሬ ግን ሣሩም ሰዉም የለም ብለሽ ንገሪልኝ» አሉኝ። አቶ ኪዳነ ወልድም «እንግዲያው ከእኛ ወስደው ይትከሉ» ብለው ሁላችንም ሳቅን።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ሟች ረጅሙ ሣር ያለው በገደሉ በኩል መሆኑን ሰምተው እንሂድ አሉ። ከፍታው ትንፋሽ ስላሳጠራቸው ወሰኔ የተባለው የአካባቢው ገበሬ ፈረሱ ላይ አስቀምጧቸው ልጓሙን ይዞ ይመራ ነበር። ወሰኔን ከዚያ በፊት አላውቀውም። ተማሪዎቹ ከሽማግሌው ጋር ወደኋላ ቀርተው ሦስታችን ብቻ ሄድን። አፋፉ ዘንድ ስንደርስ ከቆላው የሚወጣው ጉም ሸፈነን። ሟች ከፈረሱ ወርደው፣ ሙቀት ስለተሰማቸው የካፖርታቸውን ቁልፎች ፈትተው፣ ሣሩን በእጃቸው እየዳበሱ ወደፊት ተራመዱ።

ወሰኔ «ጌታዬ፣ ወደዚያ አይሂዱ፤ ሥሩ ባዶ ነው» ብሎ ጮኸ። እኔም በጃፓንኛ «ይቁሙ» አልኳቸው። ቆመው ዞር አሉና ፈገግ አሉልኝ። የቆሙበት መሬት ከነሣሩ ከሥራቸው ከዳ። ወሰኔ ልጓሙን ለቆ በደረቱ ተወረወረና የካፖርታቸውን ኮሌታ በሁለት እጁ ያዘ። ሟች ተንጠልጥለው እጃቸውን ወደ ላይ ሲዘረጉ አይቻለሁ። እኔ የወሰኔን እግር ይዤ ወደኋላ እጎትት ነበር። ክንዳቸው ከእጅጌው ሾልኮ ሲወጣ ካፖርቱ ባዶውን በወሰኔ እጅ ቀረ።

የእኔንና የወሰኔን ጩኸት ሰምተው ሁለት የጓሳ ጠባቂዎች ከጉሙ ውስጥ ደረሱ። ወሰኔ ካፖርቱን እንደታቀፈ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። «ሰውየውን ምን አድርገህ ነው ልብሱን የያዝከው?» ብለው ጠየቁት። አልመለሰም። እኔንም ጠየቁኝ፤ እኔ ግን መናገር የቀጠልኩት በጃፓንኛ ነበር። በጃፓንኛ እያወራሁ መሆኔን ራሴ አላወቅሁም። አማርኛ ከአፌ ሲወጣ ወሰኔን አስረው ወስደውት ነበር። ለፖሊስ የተነገረው «ገፍቶ ጣለው» የሚለው ነገር በዚህ ምክንያት የመጣ ነው። ከእኔ በስተቀር ያየ ሰው አልነበረም።

ሰዎች በመጫኛ ወርደው ሟችን ከታች አስታ ቁጥቋጦ ላይ ተይዘው በሕይወት አገኟቸው። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ መኪናው ወሰድናቸው። መኪናው ከተነሣ በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው ለእኔ በጃፓንኛ ተናገሩ። የተናገሩት ቃል በቀጥታ ሲተረጎም፣ «ይዞኝ የነበረው ሰው አብሮኝ ወደቀ?» የሚል ነው። «አልወደቀም፣ ላይ ነው ያለው» አልኳቸው። «እንኳን አልወደቀ» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፉ። ሾፌሩ ድምፃቸውን ሰምቷል፤ ቋንቋውን ግን አያውቅም።

ከመርማሪው «ወሰኔ ከሟች ጋር ተጣልቶ ነበር ወይ?» ተብዬ ተጠይቄ፣ አልተጣላም፤ መነጋገሪያ ቋንቋም አልነበራቸውም፤ ፈረሱ ላይ ሲያወጣቸው ብቻ ተያይተው ሳቁ ስል መልሻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ክፍል ስገባ ወሰኔን በኮሪደሩ አይቼዋለሁ። ጣቶቹ እንደተኮማተሩ ናቸው። ሰላም ስለው ቀና አላለም። ከትናንት ጀምሮ ቃል አለመናገሩን የሚጠብቀው ፖሊስ ነግሮኛል። ሰውየው በመጨረሻ የጠየቁት ስለ እሱ እንደነበር እስካሁን የነገረው ሰው ከሌለ፣ እባካችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ወደ አቃቤ ሕግ ከመሄዱ በፊት ይነገረው።

ቃሌ በጽሑፍ ሰፍሮ ተነቦልኛል። ካየሁትና ከሰማሁት አልጨመርኩም፤ አላጎደልኩምም። የትም ብጠራ ይህንኑ እደግማለሁ ስል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ የምሥራች ገብረየሱስ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ኃይለ ኢየሱስ ዳኜ (ፊርማ)