የካቦው ፍተሻ

ቡና የሚሰርቁት ወጣት ሴቶች ብቻ ናቸው እንዴ? ይህን ጥያቄ ለማንም ሳልናገር ዓመታት ይዤው ኖሬ ነበር። በጣልያን ጊዜ ዲላ፣ አንድ ነጋዴ ቡና መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ላይ በቀለም ቁጥር እጽፍ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ቡና ይለቅማሉ። ከሥራ ስንወጣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ በር ላይ ቆሞ "ሌባ በዝቷል" እያለ ይፈትሸናል። እጁ መቀነታችን ላይ አይቆምም። አሮጊቶቹን ግን "እለፉ እናቶቼ" ይላቸዋል። ቡና ነክቼ የማላውቀው እኔ ከሁሉም ይበልጥ እፈተሻለሁ። ዓይን አፋር ነኝና "ሥራው ነው" እያልኩ መሬት መሬቱን አያለሁ።

አንድ ቀን እጁ እኔ ላይ ሲቆይ፣ ከአሮጊቶቹ አንዷ፣ ቀድመውኝ ያለፉት የወናጎዋ እማማ ሎኮ ተመልሰው መጡና ፊቱ ቆሙ።

"እኔንም ፈትሸኝ!"

"እርስዎማ እናቴ ነዎት፤ ይሂዱ።"

"እናትህ አትሰርቅም ያለህ ማነው?" አሉና መቀነታቸውን ፈትተው ቡናውን እግሩ ሥር ዘረገፉት። "ይኸው! ስንቴ በፊትህ ይዤ አለፍኩ። ልጄ፣ አንተ የምትፈልገው ቡና አይደለም።"

ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ካቦው ቀላ።

"ለጌታው እናገራለሁ!"

"ተናገር! ሳትፈትሽ ስታሳልፈኝ እንደኖርክም አብረህ ንገራቸው።"

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሲደረግብኝ የኖረው ፍተሻ አልነበረም። እጁን እንደገና ሲዘረጋብኝ ወደ ኋላ አልኩ። ሥራዬን ባጣም ላጣ ብዬ፣ "አትንካኝ!" አልኩት።