በልጄ በኪዱ ፎቶ ሀኒን ሊወስድ ስለመጣው ሰው የሰጠሁት ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሸዋርካብሽ አያልነህ
ዕድሜ፦ 64
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ
ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ዓብዲዋሀብ
አስተርጓሚ፦ አቶ ኸድር

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር ሶማሊኛ መናገር እንጂ መጻፍ ስለማልችል፣ ቃሌን በአማርኛ በገዛ እጄ እንድጽፍ ጠይቄ ሳጅን ዓብዲዋሀብ ፈቅደውልኛል። አቶ ኸድር አዲስ አበባ ያደጉ የዚህ አገር ሰው ስለሆኑ እሳቸው ይተረጉሙታል። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ቀስ ብዬ ስለምጽፍ እስካሁን ሁለት ጊዜ ሻይ አዘውልኛል። የተጠየቅኩት ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን ስላየሁት ፎቶና ረቡዕ ጠዋት ስለተያዘው ሰው ነው።

አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ኪዱ ይባላል፣ አናጢ ነበር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከሚሠራበት ሕንፃ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር። ስልኩ ለእኔ ቀረ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከእጄ አልለየውም ነበር። የማላውቀው ሰው ሲያለቅስ አይቼ አብሬ አለቅሳለሁ፣ የማላውቀው አገር ሲቃጠል አይቼ እህል አልቀምስም። የደንበኛ ልብስ ሁለት ጊዜ አበላሸሁ። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ያለው የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ወ/ሮ ሳህራ እኩያዬ ናቸው፣ ድሬዳዋ ነው ያደጉት። «ሸዋዬ፣ ለመንገደኛው ሁሉ በርሽን ትከፍቻለሽ እንዴ? ወላሂ፣ ይህ ስልክ ልጅሽን አይመልስልሽም፣ አንቺን ግን ይወስድሻል» አሉኝ። አብረን ተቀምጠን ሁሉንም አጠፋን። ያስቀረሁት ሦስት ነው፦ ደሴ ያለችው የእህቴ ቤተሰብ ቡድን፣ እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን የእድራችን ቡድን፣ የልብስ አቆራረጥ የሚያሳይ አንድ ገጽ። ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት አያለሁ፣ ከዚያ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከደንበኞቻችን አንዷ ሀኒ «እማማ ሸዋ ኢንተርኔትን እንደ ክኒን ከምግብ በኋላ ነው የሚወስዱት» እያለች ታሾፍብኛለች። እውነቷን ነው። ተስማምቶኛል፣ እንቅልፌም ተመልሷል።

የኪዱን ፎቶ ለሰው የላክኩት አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በአርባው ቀን፣ ለእድሩ ቡድን። ፎቶው ስፌት ቤቱ ውስጥ የተነሳ ነው። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ከኋላው ቆሜ እጄን ትከሻው ላይ አድርጌአለሁ።

ሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሀኒ ቀሚስ ልታሳጥር መጣች። ዕድሜዋ 22 ነው፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፣ ሐርጌሳ ከመጣች ገና አንድ ዓመቷ ነው። «ዛሬውኑ ይድረስልኝ፣ ረቡዕ መንገደኛ ነኝ» አለችኝ። ወዴት ብላት «ሳውዲ። ፌስቡክ ላይ የሚወስደኝ ሰሀል የሚባል ልጅ አግኝቻለሁ። እስከ በርበራ በመኪና፣ ከዚያ በጀልባ። ይኸው መልኩን እዩልኝ፣ ይህ ሌባ ይመስላል?» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ።

ያየሁት ኪዱን ነው።

«ይህ ልጄ ነው» አልኳት። ሀኒ ሳቀች። «እንግዲህ ቆንጆ ሁሉ የእርስዎ ልጅ ነው!» አለች። ልጄ መሞቱን ታውቃለች፣ መልኩን ግን አይታው አታውቅም፤ ፎቶውን ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩም። ምዬ ብነግራት ሳቋን ትታ አዘነችልኝ። «እማማ፣ ሰው ከሰው ይመሳሰላል። ደግሞ ትናንት ማታ ጽፎልኛል። የሞተ ሰው ይጽፋል?» አለች።

የዕለቱ ግማሽ ሰዓቴ አልቆ ነበር፣ ቢሆንም መሳቢያውን ከፍቼ ፎቶውን አወጣሁና ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አደረግኩ። ሰውየው እኔን ቆርጦ ጥሎኛል። ኪዱ ትከሻ ላይ ግን ሁለት ጣቶቼ ቀርተዋል፤ አንደኛው ላይ ስሰፋ መርፌ እንዳይወጋኝ የማጠልቃት የብረት ቆብ አለች። በዚያ ሰዓትም ጣቴ ላይ ነበረች። እጄን ከስልኩ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሀኒ ጣቴን አየች፣ ስልኩን አየች፣ ቁጭ አለች። «ታዲያ ከማን ጋር ነው የማወራው?» አለች።

ከቀኑ 10 ሰዓት የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ፈጠነ ተጠርቶ መጣ። «እትዬ ሸዋ፣ አሁኑኑ በየገጹ እንለጥፈው! ሌባ ብለን በቀይ እንጻፍበት!» አለ። «የምትጽፈው በማን ፊት ላይ ነው?» አልኩት። ሰውየው ከሰማ ሌላ ስም አውጥቶ ሌላዋን ይወስዳል አልኩ። ሀኒም ልትሰድበውና ልትዘጋው ነበር። ምንም ሳታጠፋ «እሺ» ብቻ ብላ እንድትመልስለት ለመንኳት፣ እሺ አለችኝ። ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወ/ሮ ሳህራ ሁለታችንንም ወደዚህ ጣቢያ አመጡን።

ረቡዕ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሀኒ ሻንጣዋን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልተንላት መኪና ተራው ላይ ቆመች። ፖሊሶቹ እንደ ተሳፋሪ ሆነው ነበር። እኔ ወ/ሮ ሳህራ መኪና ውስጥ ነበርኩ። አንድ ሰው መጥቶ በስሟ ጠራትና ሻንጣዋን አነሳ። ያኔ ያዙት። አወቅኩት። ለኪዱ የአርባ ቀን መታሰቢያ ወንበር ያከራየን ሰው ነው። ሰዓቱንና ቦታውን እንዲያውቅ አቶ ፈጠነ እድሩ ቡድን ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ወንበሩ ሲመለስ እሱን ማስወጣት ማንም አላስታወሰም። እኔም ከሰው ቡድን ሁሉ ስወጣ በራሳችን ቡድን ውስጥ ማን እንዳለ አይቼ አላውቅም። ለሀኒ ይጽፍ የነበረው እሱ ራሱ ይሁን ሌላ ሰው አላየሁምና በዚያ ላይ ቃል አልሰጥም።

ሳጅኑ «በዚህ ዕድሜዎ ስልኩን ጨርሰው ለምን አይተዉትም?» ብለው ጠየቁኝ። ብተወው ኖሮ ለሀኒ የማሳያት ፎቶ አይኖረኝም ነበር። እንደ ድሮዬ ሁሉም ቦታ እየገባሁ ፎቶውን ለጥፌው ቢሆን ደግሞ ከየት እንደተወሰደ አላውቅም ነበር ብዬ መልሻለሁ። ሀኒ ዛሬ ስፌት ቤት ናት፣ ወ/ሮ ሳህራ ቁልፍ መትከል እያስተማሯት ነው። ጠማማ ትተክላለች አሉ።

ፎቶው መዝገቡ ላይ ሲለጠፍ ከሥሩ «ሰሀል በሚል ስም የቀረበ ሰው» ተብሎ መጻፉን አቶ ኸድር አነበቡልኝ። እንዲታረም ጠየቅኩ። ሳጅኑ መስመሩን ሰርዘው እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ። «ኪዱ፣ የሸዋርካብሽ ልጅ፣ አናጢ» ብዬ ጻፍኩ።

ይህ ቃል በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ ያላየሁትን አልጨመርኩም፣ ማንም አላስገደደኝም። አቶ ኸድር በሶማሊኛ ለሳጅኑ፣ መልሰው በአማርኛ ለእኔ አንብበውታል። ዕድሜዬን በስድስት ዓመት አሳንሰውት ስለነበር አሳርሜ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሸዋርካብሽ አያልነህ
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ኸድር
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ዓብዲዋሀብ