የቁንጮ ጉብታ ማጭዶች

ባጃጇ ከባሕር ዳሩ ፋሲሎ ሰፈር ስትነሳ ደህና ነበረች። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ሳል ጀመራት፤ ሁለት ጊዜ አጓራች፣ ከዚያ እንደ አኩራፊ በቅሎ መንገዱ መሐል ቀጥ አለች። ሾፌሩ ከሥሯ ገብቶ ተኛ፤ እየጠገናት ይሁን እያንቀላፋ ዛሬም ድረስ አልተረጋገጠም። ሁለቱ ተሳፋሪዎች፣ ሪሃና የምትባል ወጣትና አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ፣ የጣናን ሐይቅ በቀኝ ይዘው በእግር ቀጠሉ።

ሪሃና የደን ባለሙያ ናት። በብብቷ ያቀፈችው ጥቅል ወረቀት የቁንጮ ጉብታ የሕዝብ ደን ካርታ ነው። ቁንጮ ጉብታ ከጣና ዳር ብድግ ያለች ኮረብታ ስትሆን፣ ዙሪያዋ ታርሶ አናቷ ላይ ብቻ ደን ስለቀረ ነው በሕፃን ቁንጮ የተሰየመችው። ያ ቁንጮ ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ መጋቢት በገባ ቁጥር፣ ተቃጥሏል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ አመዱ በጎርፍ ይወርድና የሪሃና አባት ኢድሪስ ዓሣ የሚያጠምዱበትን የሐይቅ ጥግ ይሞላዋል። አባቷ አምና መረባቸውን ሲስቡ ጥቁር ጭቃ ብቻ ወጣላቸው። መረቡን አጥበው ሰቀሉና፣ «አንቺ የዛፍ ትምህርት ተምረሻል፤ እስቲ ዓሣዬን መልሽልኝ» አሏት።

ደኑ እንዴት እንደሚያገግም የሚናገረው ዕቅዷ በማግስቱ ጠዋት ለቀበሌው ጉባኤ ይቀርባል። ሽማግሌዎቹ ግን ቃላቸውን አስቀድመው ሰጥተዋል፤ የደኑ ጠባቂ አያ አለበል እሺ ካሉ እሺ፣ እምቢ ካሉ እምቢ። ሪሃና ዛሬ የመጣችው እኚህን ሰው ፈልጋ ልታነጋግር ነው። ደኑን የለኩት ባልደረቦቿ ሲሆኑ፣ እሷ ካርታውን ያወጣችው ከቢሮዋ ወንበር ሳትነሳ ነበርና፣ ጠባቂውን በመልክ አታውቃቸውም።

አብረዋት የሚሄዱት ሽማግሌ ሳይጠየቁ ወሬ ጀመሩ። ነገ አንዲት የቢሮ ሴት መጥታ ደናችንን ልታስላጨው ነው አሉ። ሴትዮዋ ዛፍና ሽንኩርት እንደማትለይ ከታማኝ ሰው ሰምተዋል። እሳቸው ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ማጭድ ወደዚያ ደን ሳያስገቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሣር ልትሰርቅ የገባችን ሁሉ ማጭዷን እየቀሙ መልሰዋል።

ሪሃና ቆመች። «አያ አለበል እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«የቢሮዋ ሴት እኔ ነኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። አያ አለበል ግን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋትና፣ «አውቄሻለሁ እኮ፤ ወረቀት ያቀፈ ሰው ነው እንዲህ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እሷም ተከትላ በትሕትና ጠየቀቻቸው። ይህን ያህል ከጠበቁት፣ ደኑ ስለምን ሦስት ጊዜ ተቃጠለ?

«እኔ ከሰው ጠብቅ ተባልሁ እንጂ ከእሳት ጠብቅ ማን አለኝ? ደግሞ እሳቱ የኛ አገር እሳት አይደለም። ከጎርጎራ ነው የመጣ። በጉማሬ ጀርባ ተሳፍሮ ሐይቁን ሲያቋርጥ በዓይኔ አየሁ። ከሙቀቱ የተነሳ ዓሣው እዚያው ውኃው ውስጥ ተቀቅሎ ወጣ፤ የጎደለው ጨው ብቻ ነበር።»

«አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ያን ሰሞን ያወጣው ሁሉ ጥሬ ነበር።»

«አባትሽ ጥልቁ ላይ ሄዶ ይሆናላ። እኔ የምነግርሽ የዳር ዳሩን ነው።»

ሪሃና ስለ ደን እሳት ብዙ መጻሕፍት አንብባለች፤ ጉማሬ የሚጋልብ እሳት ግን በአንዱም አልገጠማትም። ጥርሷን ነክሳ አስረዳቻቸው። እሳት የሚነሳው ከማር ቆራጮች ችቦ ነው፤ የሚያድገው ግን በመኖ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያልታጨደ ሰንበሌጥ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ይደርቃል፤ የአምናው ደረቅ ከሥር፣ የዘንድሮው ከላይ። ፀሐዩን ማጥፋት፣ ነፋሱን ማሰር አይቻልም፤ ሣሩን ማንሳት ግን ይቻላል። ይህን ሁሉ ቀስ ብላ፣ እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ልጅ ሆና ነገረቻቸው። መጨረሻ ላይ ግን ትዕግሥቷ አለቀና፣ «አያ አለበል፣ እርስዎ እኮ ለእሳቱ ዘጠኝ ዓመት ድርቆሽ ሲያከማቹለት ነው የኖሩት» አለች።

ሽማግሌው እርምጃቸውን አፈጠኑ። እሷም ነገሩን አበላሸሁት ብላ ስትጨነቅ፣ ከሸለቆው ማዶ ያለውን የሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን በዱላቸው አሳዩአት። ዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ነው።

«ያን ተመልከች። ከኔ ደን ጋር የሚለያያቸው ይቺ ሸለቆ ብቻ ናት። ተቃጥሎ ያውቃል? አያውቅም። ለምን? አልተነካማ።»

ሪሃና በሰው ሃይማኖት ገብታ መናገር አትወድም። ቃሏን መርጣ፣ «በታቦቱ ጥበቃ ላይ እኔ የምለው የለኝም፤ እሱን እርስዎ ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ለኅዳር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያኑ የሚጎዘጎዘው ሣር ከየት ነው የሚመጣው?» አለች።

«ከግቢው ነዋ። ቄሰ ገበዙ መርስዔ ኀዘን በዋዜማው ምእመኑን ሰብስበው ያሳጭዱታል። የቀረውን ደግሞ ለንግሥ የሚመጣው ሰው በቅሎና አህያ ይግጠዋል።»

«ታዲያ ማጭድ ይገባል ማለት ነው።»

«የቤተ ክርስቲያን ማጭድ ሌላ ነው።»

«ሣሩስ ሌላ ነው?»

«ሣሩም ሌላ ነው» አሉ አያ አለበል፣ ለአፍታ እንኳ ሳያስቡ።

እንዲህ ዓይነት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በሩን ስትዘጉበት በመስኮት የሚወጣ፣ መስኮቱን ስትዘጉበት ግድግዳውን በር ነው የሚል። ሪሃና ካርታውን ሐይቁ ውስጥ ወርውራ ወደ ባሕር ዳር መመለስ አማራት። ነገር ግን ታጥቦ የተሰቀለው የአባቷ መረብ ትዝ አላትና ዳገቱን ወጣች።

ጉብታው ሲደርሱ ከአምናው እሳት የቀረው ታየ። የምዕራቡ ተዳፋት እንደ ከሰል ማራገፊያ ጠቁሯል፤ የተቃጠሉ ባሕር ዛፎች ቅርፊታቸው ተልጦ ቆመዋል። በዚህ ሁሉ ጥቁረት መሐል ግን የጠባቂው ጎጆ ክዳኗ እንኳ ሳይለበለብ ተቀምጣለች። አያ አለበል ነገሩን ሲተርኩ ደረታቸው ተነፋ። እሳቱ እየፎከረ እስከ ደጃፋቸው መጣ፤ እሳቸው ዱላቸውን አንስተው «እዚህ የምኖረው እኔ አለበል ነኝ» አሉት፤ እሳቱም አንገቱን ደፍቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ በግራ በኩል ዞሮ ሄደ።

ሪሃና ግን መሬቱን ታይ ነበር። በጎጆዋ ዙሪያ ሣሩ እስከ ቁርጭምጭሚት አጭር ነው፤ በእርምጃ ለካችው፣ አሥራ ሁለት ሆነ። እሳቱ የቆመው በትክክል ያ አጭር ሣር የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ከጎጆዋ ጀርባ ስትዞር የድርቆሽ ክምር አየች፤ አጠገቡ ቦራ የምትባል ላም ታመነዥጋለች። በዚህ በጥር ወር የአገሩ ላም ሁሉ የጎን አጥንቱ ሲቆጠር፣ ቦራ ቆዳዋ ጠቧት ሊተረተር ደርሷል።

«ይቺ ላም ምን በልታ ነው እንዲህ የሆነችው?»

«ነፋስ። የሐይቅ ነፋስ ወተት አለው፤ እናንተ ቢሮ ስለምትውሉ ነው የማታውቁት።»

ሪሃና ወደ ጎጆዋ አንገቷን አሰገገች። ግድግዳው ላይ አሥራ ሰባት የተቀሙ ማጭዶች ተሰቅለዋል። አሥራ ስድስቱ ዝገዋል። አንደኛው፣ እጀታው ቀይ ጨርቅ የተጠመጠመበት፣ እንደ መስተዋት ያበራል። እሷም ማጭዱን አየች፣ ሽማግሌውንም አየች።

አያ አለበልም ለመጀመሪያ ጊዜ ተረት ጠፋባቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ሰው ሳይነቃ አጭዳለሁ» አሉ። «መጀመሪያ አንድ ሸክም ብቻ ብዬ ነበር። ላሟ ስትከሳ አላስችል አለኝ። የሌላውን ላም እያስራብሁ የራሴን አጠገብሁ። በይ እንግዲህ፣ ነገ በጉባኤ ተናገሪና አዋርጂኝ።»

«እኔ አልናገርም» አለች ሪሃና። ንዴቷ እንዴት እንደጠፋ ለራሷም አልገባትም። «ቤትዎን ያዳነው እኮ ይኸው ማጭድ ነው። ጥፋቱ ማጨድዎ አይደለም፤ ብቻዎን ማጨድዎ ነው። ይህ ማጭድ ለአንድ ጎጆ የሠራውን አሥራ ሰባቱ ለጉብታው ሁሉ ይሥሩ ነው የምለው። እኔም አጥፍቻለሁ፤ ይህ በጎጆዎ ዙሪያ የታጨደ ክብ ካርታዬ ላይ የለም። ሳልመጣ ነው የሣልሁት።»

ካርታውን መሬት ላይ ዘረጋችው። እሳቱ በየዓመቱ የት ጀምሮ የት እንደቆመ ያሳዩኝ ብላ ለመነቻቸው። አያ አለበል ከተቃጠለው ግንድ ከሰል ሰብረው ተንበረከኩ። እጃቸው ግን አይዋሽም ነበር። የመጀመሪያው ዓመት እሳት በአህያ መንገዱ ላይ ቆመ፤ ሁለተኛው በደረቁ ቦይ፤ ሦስተኛው በጎጆዋ ዙሪያ። ሪሃና በማስመሪያ ያሰመረችውን የእሳት መከላከያ መስመር አይተው ሳቁ፤ ገደል ላይ ነው የሚያልፈው፣ ዝንጀሮ ካልሆነ የሚያጭደው የለም አሉ። መስመሩን በአህያ መንገዱ ላይ አዞሩት። እሷም የራሷን ሰርዛ የሳቸውን ተቀበለች።

አንድ ጥያቄ ቀራቸው። በተቃጠለው ምትክ ለምን ባሕር ዛፍ አይተከልም፣ ቶሎ ያድጋል አሉ። ሪሃና ቶሎ ማደጉን አልካደችም። ግን ቅጠሉ ዘይት አለው፣ እንደ ኩራዝ ነው የሚነድ፤ ሥሩም ከጉብታው ግርጌ ያለችውን ምንጭ እየጠጣ ነው። ባሕር ዛፍ ለሚፈልግ በየማሳው ዳር ይትከል፤ የጉብታው አናት ግን ለአገሩ ዛፍ ይመለስ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ወደ ጥቁሩ ተዳፋት ወስደው የተቃጠለ ጉቶ አሳዩአት፤ ዶቅማ የሚባለው የአገሩ ዛፍ ከሥሩ አቆጥቁጧል። «ይሄን ከፍየል የሚጠብቅልኝ ባገኝ ሳይተከልም ይነሳል» አሉ። ሪሃና በስምንት ወር ጥናቷ የጻፈችው ዋናው ቃል ይኸው ነበር።

ነገ ምን እንደሚሉ ግን አልነገሯትም፤ እሷም ለመጠየቅ አልደፈረችም።

በማግስቱ ጉባኤው ሾላው ሥር ተሰበሰበ፤ ሪሃናም ካርታዋን ዘርግታ ዕቅዷን አስረዳች። አያ አለበል አንድ ጆንያ ተሸክመው መጡና መሐል ላይ ዘረገፉት፤ አሥራ ሰባት ማጭድ ተንኳኳ። ከዚያ ያለ ጉማሬ፣ ያለ ፉከራ፣ የሆነውን ሁሉ ተናገሩ፤ ለዕቅዱም እሺ አሉ።

ማንም አላመናቸውም። ሕዝቡ ጨዋታ መስሎት ሳቀ፤ አንዱም ከኋላ፣ «አያ አለበል፣ ጉማሬው የት ቀረ?» አለ። ሽማግሌው በዕድሜያቸው አንድ ቀን እውነት ቢናገሩ የሚሰማቸው አጥተው ወደ ሪሃና ዞሩ። እሷ ግን አልናገርም ብላ ቃል ሰጥታለች፤ ዝም አለች።

ያን ጊዜ ወለተ ሩፋኤል የምትባል ሴት ተነሥታ ቀይ ጨርቅ የተጠመጠመበትን ማጭድ አነሳች። ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«ይሄ የኔ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ነው የቀሙኝ» አለች። «ሰባት ዓመት የተሰቀለ ማጭድ ዝገት ይበላዋል እንጂ እንዲህ አይሳልም። ሰውዬው እውነታቸውን ነው።»

ሳቁ ቆመ። ወለተ ሩፋኤል ሽማግሌውን ትክ ብላ አየቻቸው። «ስል አድርገው መለሱልኝ፤ ይሁን። የመስመሩ ሣር ሲጨረገድ ግን መጀመሪያ እርስዎ ያጎንብሱ።»

ዕቅዱ በዚያው ጸደቀ። ሣር በኅዳር፣ ሳይደርቅ፣ በየተራ ይታጨዳል፤ ለየቤቱም ይደርሳል፤ ላም ይጠግባል፣ ጎጆ ይከደናል፣ ሴቶች እንደ ሌባ መሸሽ ይቀርላቸዋል። የዘንድሮው ግን ጊዜው ስላለፈ፣ መስመሩ ብቻ በዚያው በጥር ይጨረገድ ተባለ። ማር ቆራጭ ችቦ ትቶ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያጨሳል። ጉብታው ለሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሠራል፣ ሁሉንም በአንድ ክረምት እንፍጀው አይባልም። ውኃ የሚይዝ እርከን ከላይ ይጀመራል፤ ሐምሌ ላይ ዋንዛና ወይራ ይተከላል፣ ከዚያ በፊት ግን በራሱ ያቆጠቆጠው ይጠበቃል። ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ፍሬ አይሰጥም፤ ሪሃናም ይሰጣል ብላ አልዋሸችም። መስመሩ በተጨረገደ ዕለት መጀመሪያ ያጎነበሱት አያ አለበል ነበሩ፤ ከሁሉ በፊት ወገባቸውን የያዙትም እሳቸው ናቸው።

መጋቢት ላይ አንድ ቆርቆሮ የናቀ ማር ቆራጭ ችቦ ጣለ። እሳቱ ተነሣ፣ ተዳፋቱን ይዞ ሮጠ፣ የአህያ መንገዱ ጋ ሲደርስ የሚበላው አጣ። ሕዝቡ በቅጠል ደበደበው፤ ከደኑ የሄደው አንድ ማሳ የሚያህል ብቻ ነው። በክረምቱ የሪሃና አባት መረባቸውን አውርደው ጣሉ። ጭቃው ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ ጥቁር አልነበረም፤ ከጭቃው ጋር ሁለት አምባዛ ዓሣ። ሁለት አምባዛ ብዙ አይደለም፤ ኢድሪስ ግን አንዱን ለልጃቸው ባሕር ዳር ድረስ ላኩላት።

አያ አለበል ዛሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ መስመሩን ያሳያሉ። አንድ ቀን ሪሃና ከሌላ ወረዳ የመጡ ሰዎች ይዛ ስትደርስ ታሪኩን ጀምረውት አገኘች።

«እሳቱ እዚህ ደርሶ ቆመ። 'ማነው ያጨደው?' አለኝ። 'አገሩ ሁሉ' አልሁት። አንድ ሰው ብቻ መስሎት ነበር የመጣ፤ ይሄን ሲሰማ እዚያው እግሬ ሥር ተኛ።»

እንግዶቹ እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን ወደ ባለሙያዋ ዞሩ። ሪሃና የተጨረገደውን መስመር ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እውነት ነው» አለች።