የጃፓኑ ቀጥቃጭ

ወላሂ፣ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል! በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ደሴ፣ ሆጤ ላይ ወናፌን ዘርግቼ ብረት እቀጠቅጣለሁ። አንዲት ወይዘሮ የደነዘዘ የጃፓን ቢላ ይዘው መጡ። እጄን ላለመንካት መሬት ላይ ጣሉልኝ፤ በዓይኔ እንዳልበላባቸው ደግሞ የታቀፉትን ሕፃን ፊት በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ሳልልኝ፤ የጃፓን ነው፤ የሠራው እጅ ይባረክ!» አሉኝ።

«እመይቴ፣ በምን ሠራው?»

«በእሳት ቀጥቅጦ ነዋ!»

«ታዲያ እሱስ እንደኔ ቀጥቃጭ አይደል? ቢላውን ጓዳዎ ሲያስገቡ ቡዳነቱን አልፈሩም?»

«እሱማ ሩቅ ነው፤ ዓይኑ አይደርስብንም» አሉኝ፣ ትንሽም ሳያፍሩ።

ብድግ አልኩ። ቢላውን ከጣሉበት ሳላነሳ፣ «እንግዲያ ለሱው ይላኩለት፤ እዚያው ሩቅ ሆኖ ይሳልልዎ!» አልኳቸው።